የአንድ ዊራዌይ አውሮፕላን ታሪክ ከጅራት ቁጥሩ ተነስቶ እንዴት ይፈለጋል

ሜልበርን ምዕራቡ ጎን የምትኖሩ በዌስትጌት ድልድይ ስትሻገሩ ከታች ያራ ወንዝ ዳር የሚታየውን የፋብሪካ ሰፈር ታውቁታላችሁ፣ ፊሸርመንስ ቤንድ ይባላል። እኔ ስንት ዓመት ለስራ በላዩ ስመላለስ ምን እንደነበረ አላውቅም ነበር። ለካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውስትራሊያ የራሷን የጦር አውሮፕላን በብዛት የሰራችው እዚያ ነው። ከዚያ ፋብሪካ መጀመሪያ የወጣው ዊራዌይ ነው፣ ስሙ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰደ ነው፣ ለፍልሚያ መጥራት እንደማለት። በጠቅላላ 755 ተሰርቷል፣ ዛሬ የቀሩት ግን ጥቂት ናቸው፣ ከቀሩት ውስጥ ደግሞ የእያንዳንዱን ታሪክ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ሊያገኘው ይችላል። እንዴት እንደሆነ ነው የምነግራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ መንገዱን ሳላውቀው ብዙ ጊዜ ጠፍቶብኛል።

አገር ቤት ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ምን ታደርጋላችሁ? ቀለሙ ቢያምርም መጀመሪያ ሊብሬ አምጣ ነው የምትሉት፣ ከዚያ ኮፈኑን ከፍታችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ታመሳክራላችሁ። የድሮ አውሮፕላንም በቃ እንደዛው ነው። ታርጋ አለው፣ ሊብሬ አለው፣ የጋራዥ ወረቀት አለው፣ የአደጋ ወረቀት አለው። ሙዚየም ቆሞ የምታዩት ነገር ደግሞ አንዳንዴ ከሶስት አውሮፕላን ተገጣጥሞ የተሰራ ነው፣ ይሄ ነውር አይደለም፣ ግን ማወቅ አለባችሁ። ስለዚህ «ስለ ዊራዌይ ማጥናት እፈልጋለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ፣ 755 አውሮፕላን ውስጥ ትሰጥማላችሁ። አንድ የጅራት ቁጥር (የአንዱ አውሮፕላን የራሱ መለያ ማለት ነው) ምረጡና እሱን ብቻ ተከተሉ።

ቁጥሩ የሚጻፈው ኤ20 ከዚያ ሰረዝ ከዚያ የራሱ ቁጥር ነው (ሰርች ስታደርጉ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት፣ ሰረዙንም አትርሱ)። የአውስትራሊያ አየር ኃይል ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት አንድ መለያ ይሰጥ ነበር፣ ቢፎርት ኤ9 ነው፣ ሃድሰን ኤ16፣ ቢፋይተር ኤ19፣ ካታሊና ኤ24፣ ኪቲሃውክ ኤ29፣ ቡመራንግ ኤ46፣ ዊራዌይ ኤ20። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ከ1935 በፊት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የነበረ ሌላ የቁጥር አሰጣጥ አለ፣ እዚያ ውስጥ ያው ተመሳሳይ ቁጥር ለሌላ ዓይነት አውሮፕላን ነው የተሰጠው፣ ስለዚህ ያገኛችሁት ወረቀት ከዚያ ዘመን ከሆነ የእናንተ አይደለም።

ቁጥሩን ካወቃችሁ በኋላ አውሮፕላኑ በየትኛው ዙር እንደተሰራ ያለማንም እርዳታ ማወቅ ትችላላችሁ። ኤ20-1 እና ኤ20-2 ከአሜሪካ ለናሙና የተገዙ ናቸው፣ ከኖርዝ አሜሪካን ኩባንያ፣ ዊራዌይ ከነሱ ዲዛይን ነው የተወለደው። አገር ውስጥ የተሰራው ከ3 ይጀምራል። ከ3 እስከ 42 ሲኤ-1 ይባላሉ፣ 40 ናቸው። ከ43 እስከ 102 ሲኤ-3፣ ከ103 እስከ 134 ሲኤ-5፣ ከ135 እስከ 234 ሲኤ-7፣ ከ235 እስከ 434 ሲኤ-8፣ ከ435 እስከ 622 ሲኤ-9፣ መጨረሻው ሲኤ-16 ሆኖ ከ623 እስከ 757 ይሄዳል። ይሄን ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት፣ የምሬን ነው፣ ሙዚየም ስትሄዱ በጣም ይጠቅማችኋል። ሲኤ-16ቱ ቁልቁል ተወርውሮ ቦምብ ለመጣል እንዲመች ክንፉ የተጠናከረና የአየር ፍሬን የተገጠመለት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ላይ ያንን ብትፈልጉ አታገኙትም።

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው፣ ካርድ ስታነቡ ቀኖቹ ትርጉም እንዲሰጧችሁ። ኩባንያው ኮመንዌልዝ ኤርክራፍት ኮርፖሬሽን የተቋቋመው 1936 ነው፣ የሚመራው ሎረንስ ዋኬት የሚባል ኢንጂነር ነበር። ውጭ አገር ዞረው አይተው የመረጡት የአሜሪካ ዲዛይን መሆኑ ያኔ ጫጫታ አስነስቶ ነበር፣ የእንግሊዝ ለምን አልሆነም ተብሎ። የመጀመሪያው ማርች 27 ቀን 1939 በረረ፣ ጦርነቱ ሊጀመር ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። ሁለት ሰው ይጭናል፣ ፓይለቱ ከፊት፣ ታዛቢው ከኋላ መትረየስ ይዞ። ሞተሩ 600 የፈረስ ጉልበት ነው። ለስልጠናና ለቅኝት ጥሩ ነው፣ ከጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን ጋር ግን የሚገጥም አልነበረም፣ ቢሆንም ሌላ ስላልነበረ ገጠመ።

እንዴት እንደገጠመ ለማወቅ ጃንዋሪ 20 ቀን 1942 የሚለውን ቀን ያዙ። ራባውል ላይ (የዛሬዋ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ያለች የወደብ ከተማ ናት) የ24ኛው ስኳድሮን፣ ማለትም የአየር ኃይሉ አንድ ምድብ፣ 8 ዊራዌይ ከመቶ በላይ የጃፓን አውሮፕላን ላይ ተነሱ። ስምንት ለመቶ። ሶስቱ ተመትተው ወደቁ፣ ሁለቱ ተከስክሰው አረፉ፣ አንዱ ተጎዳ፣ ስድስት ሰው ሞተ፣ አምስት ቆሰለ። ከሶስት ቀን በኋላ ራባውል ተያዘ። የነዚያን አውሮፕላኖች ካርድ ስታነቡ መስመሩ ድንገት ነው የሚያልቀው፣ እኔ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ቁጭ አልኩ፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት የነበሩት መስመሮች ተራ ነገር ናቸው፣ ተረከብን፣ ጠገንን፣ ላክን፣ ከዚያ ምንም።

እሺ ወደ ሊብሬው። የአየር ኃይሉ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ኢ/ኢ 88 የሚባል ካርድ ይይዝ ነበር። መቼ ተረከቡት፣ ለየትኛው ክፍል ተመደበ፣ መቼ ተበላሸ፣ የት ተጠገነ፣ መቼ ከመዝገብ ተፋቀ፣ ሁሉም በእጅ ተጽፎ አለ። ያለው በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፣ ሪኮርድሰርች የሚባለው የመፈለጊያ ገጻቸው ላይ ገብታችሁ ሲሪየስ ቁጥር (የመዛግብቱ ስብስብ መለያ) በሚለው ቦታ ኤ10297 ብላችሁ ስጡት፣ ቁልፍ ቃሉ ላይ ዊራዌይ። በነፃ ነው፣ መመዝገብም አያስፈልግም። ካርዶቹ የሚመጡት ለየብቻ ሳይሆን የብዙ አውሮፕላን ካርድ አንድ ጥቅል ውስጥ ሆኖ ነው፣ ስለዚህ ትዕግስት ይዛችሁ ገጽ በገጽ እየገለበጣችሁ ቁጥራችሁን ፈልጉ። ስታገኙት ወዲያው ስክሪንሾት አንሱና የገጹን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ፣ እኔ ይሄን ሳላደርግ ቀርቼ ያንኑ ካርድ ሁለተኛ ለማግኘት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

ካርዱ ሲከፈት መጀመሪያ የሐኪም ጽሁፍ ነው የሚመስለው። አይዟችሁ። የሚደጋገሙት ጥቂት አህጽሮቶች ናቸው። ኤዲ ካያችሁ የአውሮፕላን ዴፖ ነው፣ ከፊቱ 1 ካለ ላቨርተን ነው ሜልበርን አጠገብ፣ 2 ከሆነ ሪችመንድ ሲድኒ አጠገብ፣ 3 ከሆነ አምበርሊ ኩዊንስላንድ። ኤስኤፍቲኤስ የበረራ ማሰልጠኛ ነው፣ ይሄንን በጣም ብዙ ታዩታላችሁ ምክንያቱም አብዛኛው ዊራዌይ ሕይወቱን ያሳለፈው ልጆች እየተማሩበት ነው፣ ዲኒሊክዊን ዋጋ ዋጋ ዩራንኩዊንቲ። ኦቲዩ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ለውጊያ የሚዘጋጁበት ትምህርት ቤት ነው። አርኤስዩ የተሰበረ አንስቶ የሚጠግን የሜዳ ጋራዥ ነው። ሲኤምዩ ማለት ቆሞ ተጠብቆ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ እዚያ ናቸው። «ወደ መለዋወጫነት ተቀየረ» የሚል ነገር ካነበባችሁ አውሮፕላኑ ተፈታቶ ሌሎቹን ለማዳን ዋለ ማለት ነው፣ ይሄን መስመር አስታውሱት በኋላ እመለስበታለሁ።

ካርዱ ግን ቀንና ቦታ ነው እንጂ ታሪኩን አይነግራችሁም። ለታሪኩ የስኳድሮኑን የየቀን መዝገብ ትፈልጋላችሁ፣ እዚያው ቤተ መዛግብት ውስጥ ሲሪየስ ኤ9186 ነው። ሁለት ዓይነት ፎርም አለው፣ ኤ50 የሚለው የክፍሉን ውሎ በደፈናው ይተርካል፣ ኤ51 የሚለው ደግሞ የትኛው አውሮፕላን ከማን ጋር ስንት ሰዓት ተነስቶ ስንት ሰዓት ተመለሰ ይላል። ለእኛ ዋናው ኤ51 ነው። ካርዱ ላይ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን 4ኛ ስኳድሮን» ካለ የእነዚያን ወራት ገጾች ብቻ ክፈቱ፣ ሙሉውን ለማንበብ አትሞክሩ። አደጋ ከደረሰበት ኤ9845 ውስጥ በአውሮፕላን ዓይነት ተከፋፍሎ የአደጋ ሪፖርት አለ፣ ሰው ከሞተበት ደግሞ ኤ705 የሟቾችና የጠፉ ሰዎች ፋይል ነው። ኤ705ን ስትከፍቱ ቀስ በሉ፣ የእናቶች ደብዳቤ አለበት፣ ልጄ የት ነው የሚል፣ ወረቀት ፍለጋ ገብታችሁ ሰው ቤት ለቅሶ ላይ የተቀመጣችሁ ያህል ነው የሚሰማችሁ።

ትሮቭ የሚባለውን የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጣ ስብስብም ተጠቀሙ፣ ግን የጦርነት ሳንሱር ስለነበረ የጅራት ቁጥርና የክፍል ስም ጋዜጣ ላይ ብዙ አታገኙም፣ በቀንና በቦታ ነው መፈለግ ያለባችሁ። ፎቶ ከፈለጋችሁ የካንቤራው የጦርነት መታሰቢያ ኦንላይን ስብስብ ሀብታም ነው። በፈቃደኞች የሚሰራው ኤዲኤፍ ሲሪያልስ የሚባል ዌብሳይት ደግሞ ቁጥሮቹን በዝርዝር ይዟቸዋል፣ ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን እሱን አይታችሁ አታቁሙ፣ ካርዱን ራሱን እዩ።

እስቲ አንዱን ይዘን እንለማመድ፣ ኤ20-103። ቁጥሩን ከላይ ካለው ጋር ካስተያያችሁት የሲኤ-5 የመጀመሪያው እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። 1942 መጨረሻ ላይ ከ4ኛ ስኳድሮን ጋር ፓፑዋ ነበር። ስራቸው ውጊያ አልነበረም፣ የጠላት ቦታ መቃኘት ነው፣ መድፍ የት እንደወደቀ መናገር፣ ለእግረኛው ስንቅ መጣል። ዲሴምበር 26፣ ፈረንጆች ገናን ባከበሩ ማግስት፣ ፓይለቱ ጆን አርቸር ከታዛቢው ኩልስተን ጋር ጎና አካባቢ እየበረሩ ሳለ ከበታቻቸው አንድ የጃፓን ተዋጊ አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ደመና ፈልጎ ይደበቅ ነበር፣ ያቺ አውሮፕላን ቀርፋፋ ናት፣ ከፊት ያላት ሁለት ቀላል መትረየስ ብቻ ነው። አርቸር ግን ቁልቁል ወረደበትና ተኮሰ፣ ጠላት ባህር ውስጥ ገባ። ፖፖንዴታ አርፎ ሮጦ ዜሮ (ታዋቂው የጃፓን ባህር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላን) ጣልኩ ብሎ ሲናገር መኮንኑ አላመነውም፣ ዊራዌይ ዜሮ አይጥልም ነው ያለው፣ ወዲያው ግን ከምድር ሆነው ያዩ ሰዎች ስልክ መደወል ጀመሩ። አሜሪካኖች ሲልቨር ስታር ሸለሙት። በዊራዌይ ተመትቶ ወደቀ ተብሎ የተመዘገበ የጠላት አውሮፕላን ይሄ ብቻ ነው።

አሁን ማመሳከሩ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ያኔ የተጻፈው ሁሉ ዜሮ ይላል። በኋላ የጃፓኖቹ መዝገብ ሲታይ ዜሮ ሳይሆን የጃፓን ጦር ሠራዊት ኪ-43 ሃያቡሳ ሆኖ ተገኘ፣ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። አርቸር ዋሸ ማለት አይደለም፣ አየሁ ያለውን ነው የጻፉት። ስለዚህ የጦርነት ዘመን ወረቀት ላይ የጠላት አውሮፕላን ስም ስታዩ «ብለው ጻፉ» ብላችሁ መዝግቡ፣ «ነበር» ብላችሁ አይደለም። የራስ ቁጥር፣ ቀን፣ የሰራተኛ ስም ግን ወረቀቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው፣ የራሳቸው ነገር ነዋ።

ኤ20-103 ተርፏል፣ የካንቤራው የጦርነት መታሰቢያ ንብረት ነው። ቦታው ትልቅ እድሳት ውስጥ ስለቆየ ከመሄዳችሁ በፊት ለእይታ ወጥቶ እንደሆነ ስብስባቸውን ኦንላይን አረጋግጡ፣ ከሜልበርን ሰባት ሰዓት ነድታችሁ በር ላይ እንዳትመለሱ።

ሌሎቹ የተረፉት ጋ ስትሄዱ ምን ማየት እንዳለባችሁ ልንገራችሁ። ለብዙዎቻችን ቅርቡ ፖይንት ኩክ ያለው የአየር ኃይሉ ሙዚየም ነው፣ ወረቢና ታርኔት ለምትኖሩ ጎረቤት ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ ግን የሚሰራ የጦር ሰፈር ውስጥ ስለሆነ መታወቂያ ያዙ። እዚያ ዊራዌይ አለ፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ያቺን የቁጥር ወረቀት ስጡትና የጅራቱን ቁጥር አንብቦ በየትኛው ዙር እንደተሰራ ራሱ ይንገራችሁ፣ የእኔ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ የትኛውም ሙዚየም ገብቶ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጅራት ነው። ሙራቢን ኤርፖርት ያለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ የአቪዬሽን ሙዚየም ደግሞ ኤ20-10 አለው፣ ከመጀመሪያዎቹ አርባ አንዱ ማለት ነው። እዚያ የሚሰሩት ፈቃደኞች ናቸው፣ ሰላም ብላችሁ ቁጥሩን ጠርታችሁ ጠይቋቸው፣ «ይሄ አሮጌ አውሮፕላን ምንድነው» ከምትሉና «ኤ20-10 እኮ ሲኤ-1 ነው አይደል» ከምትሉ መልሱ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል፣ ወንበር ስበው ነው የሚያስቀምጧችሁ። ሲበር ማየት የሚፈልግ ቴሞራ ይሂድ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ገጠር ውስጥ ነው፣ የአየር ኃይሉ የቅርስ ስኳድሮን 100ኛው እዚያና ፖይንት ኩክ ነው የሚሰራው።

አሁን ያ መለዋወጫ ያልኳችሁ ነገር። ከጦርነቱ በኋላ ዊራዌይ ወዲያው አልሞተም፣ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ማሰልጠኛ ሆኖ ሰራ፣ ባህር ኃይሉም 17 ወስዶ ነበር። ከዚያ ሲሸጥ ያው ፋብሪካ ከዊራዌይ ዕቃ ሴሬስ የሚባል የእርሻ መርጫ አውሮፕላን ሰራ፣ 21 ብቻ ነው የተሰራው። ገበሬ ግቢ ውስጥ የተገኘ ፍሬም የዊራዌይ ነው ሲባል አንዳንዴ ሴሬስ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የተጠገነ ዊራዌይ ከሴሬስ የተወሰደ ዕቃ አለው። ሌላው ማምታቻ ሃርቫርድ የሚባለው የማሰልጠኛ አውሮፕላን ነው፣ የአጎት ልጅ ናቸው፣ ከአንድ ዲዛይን ነው የወጡት። ከሩቅ ለመለየት ፕሮፔለሩን ቁጠሩ፣ ዊራዌይ ሶስት ቅጠል ነው፣ ሃርቫርድ ሁለት። እኔ አንድ ጊዜ የዊራዌይ ነው ተብሎ ከአንድ ሻጭ የበረራ መሳሪያ ሰሌዳ ገዝቼ ቤቴ ሰቅዬ ስኮራ ከርሜ አንድ የሚያውቅ ሰው አይቶ የሃርቫርድ ነው አለኝ። ሻጩም አውቆ ያደረገው አይመስለኝም። ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃው ከየትኛው ቁጥር እንደወጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ የዚያ ቁጥር ካርድ መጨረሻው ምን እንደሚል ጠይቁ፣ «ተፈታቶ ተሸጠ» የሚል ከሆነ ወሬው ያስኬዳል፣ «ባህር ውስጥ ጠፋ» ከሆነ ግን እንዴት ከባህር እንደወጣ ይንገራችሁ።

ሙዚየም ውስጥም ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የጅራቱ ቁጥር የራሱ ነው ወይስ ለሌላ አውሮፕላን መታሰቢያ የተቀባ? የፋብሪካ ሰሌዳው (ያቺ ትንሽ ብረት) አብሮ የመጣ ነው? ዋናው የቀፎ ፍሬም ከየትኛው ቁጥር ነው? የዊራዌይ ቀፎ የብረት ቱቦ አጽም ስለሆነ ክንፍና ጅራት ቢቀየርም ፍሬሙ ካልተቀየረ እኔ በበኩሌ ያው አውሮፕላን ነው እላለሁ፣ እንደ ሻንሲ ቁጥር ማለት ነው። ሌላ የሚያስብ ይኖራል።

ዊራዌይን ከጨረሳችሁ በዚሁ መንገድ ወደ ቡመራንግ መሻገር ትችላላችሁ፣ ኤ46፣ 250 ተሰራ፣ ከዊራዌይ ብዙ ዕቃ ተበድሮ በጥድፊያ የተወለደ ተዋጊ ነው፣ ሜይ 29 ቀን 1942 በረረ። ፖይንት ኩክ ኤ46-30 አለ፣ ቴሞራ ደግሞ ሱዚ-ኪው የሚባለው ኤ46-122። ዋና ዲዛይነሩ ፍሬድ ዴቪድ ከኦስትሪያ የተሰደደ አይሁዳዊ ነው፣ በፊት ጀርመን አገር ሃይንክል የሚባል የአውሮፕላን ፋብሪካ ጋ፣ ከዚያም ጃፓን ሰርቷል። አውስትራሊያን ከጃፓን የሚያድን አውሮፕላን እየነደፈ እያለ እሱ ራሱ በሕግ የጠላት አገር ሰው ተብሎ ፖሊስ ጋ እየሄደ ይመዘገብ ነበር። ስደተኛ ሆኖ መስሪያ ቤት ወረፋ የጠበቀ ሰው ይሄንን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ፣ እኔ ስሙን ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ።

የሰበሰባችሁትን ስታስቀምጡ ለአንድ ቁጥር አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ ውስጡ የካርዱ ስክሪንሾት፣ የኤ51 ገጾች፣ ፎቶ፣ ከሁሉም አጠገብ የሲሪየስ ቁጥርና የገጽ ቁጥር ይኑር። ወረቀቶቹ ሲጋጩ አንዱን አትጣሉ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። ሙዚየም ሰሌዳ ላይ ከካርዱ የሚለይ ቀን ካገኛችሁ በትህትና የገጹን ቁጥር ጠቅሳችሁ ኢሜይል አድርጉላቸው፣ እኔ አንዴ አድርጌ በሳምንቱ አመስግነው መለሱልኝ። አውሮፕላኑን ፎቶ ስታነሱ ደግሞ ከፊት ብቻ አታንሱ፣ በጎኑ ዞራችሁ የጅራት ቁጥሩ በደንብ እንዲነበብ አድርጋችሁ አንሱት።